አቶ ግዛቸው የሞቱበት ፊደል

ሰው ሟች መሆኑን የማያውቅ የለም። በምን ዓይነት ፊደል እንደሚሞት ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የተጨነቀበት አልነበረም። ነገሥታቱም ሊቃውንቱም ዝም ብለው ያለፉትን ይህን ታላቅ ክፍተት የመድፈን ዕድል የደረሰው ለዲላ ከተማ ነው፤ በዲላም ውስጥ ለአንድ ሰፈር፣ በሰፈሩም ውስጥ ለአንድ ዕድር፣ በዕድሩም ውስጥ ለሊቀ መንበሩ ለአቶ ግዛቸው። የዕድሩን ስም አንጠራም። ሥራው ራሱ ያስጠራዋል።

አቶ ግዛቸው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለምና ማጠፊያ ይሸጣሉ። ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡት በምርጫው ቀን ሌላው ሰው ሁሉ ስለቀረ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። ሐሰት ነው። ሁለት ሰዎች ተገኝተው ነበር።

የታሪኩ መነሻ ሐዋሳ ነው። አቶ ግዛቸው ለነጋዴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ተቀምጠው፣ ከምሳ በኋላ እንደ ማንኛውም ጨዋ ሠልጣኝ አሸልበው፣ ድንገት ሲባንኑ ግድግዳው ላይ የአንድ ድረ ገጽ ምስል በርቷል። አሠልጣኙ ከገጹ አናት ላይ ያለች ትንሽ ቀስት ነካ። የስም ዝርዝር ወደ ታች ተዘረገፈ። ከዝርዝሩ አንዱን መረጠ። ወዲያው፣ ዐይን እስኪጨፈን እንኳ ሳይቆይ፣ በገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ መልኩን ቀየረ። ቀጭን የነበረው ወፈረ፣ ቀጥ ያለው ተጠማዘዘ።

አቶ ግዛቸው ብድግ አሉ።

«አንዲት ቃል ሳትነካ?»

«ቃሉ አይነካም» አለ አሠልጣኙ። «የሚቀየረው ፎንቱ፣ የፊደሉ ቅርፅ ብቻ ነው።»

«ምንም ነገር ሳይለወጥ ሁሉ ነገር ተለወጠ ማለት ነው?»

«እንደዚያም ማለት ይቻላል።»

አቶ ግዛቸው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲፈልጉት የኖሩት የለውጥ ዓይነት ይህ ነበር።

ዲላ እንደገቡ የዕድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። በአጀንዳው ላይ የነበረው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ድንኳን። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ሥርጉት፣ ከድስት ጋር ሲታገሉ ክንዳቸው የፈረጠመ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት፣ ተነሥተው እንዲህ አሉ፦

«ድንኳኑ ወንፊት ሆኗል። ባለፈው ለቅሶ ዝናቡ ንፍሮው ላይ ወርዶ፣ ንፍሮ ያልነው ሾርባ ሆኖ ነው ሰው የበላው። ወይ ይጠገን፣ ወይ በጋ በጋ ብቻ እንሙት።»

አቶ ግዛቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኅቴ ሥርጉት ያነሡት ተገቢ ነው። በተገቢነቱም እንመዘግበዋለን። ነገር ግን ዓለም ከድንኳን ወጥታ ወዴት እንደገባች ልብ እንበል። ዓለም ድረ ገጽ ውስጥ ገብታለች!»

«ዓለም እዚያ ከገባች ዝናቡ የሚመታው እኛን ብቻ ነው» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት።

ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ለማን እንደሆነ ስላልተጣራ በድጋፍ ተቆጠረ። አቶ ግዛቸው ቀጠሉ፤ ከእንግዲህ ሞት በጡሩንባ እንደማይለፈፍ፣ በዕድሩ ገጽ ላይ እንደሚወጣ፣ በወጣም ጊዜ የየአባሉ ስልክ ጢን እንደሚል፣ ከሁሉም በላይ ገጹ አናት ላይ «ተቆልቋይ ማውጫ» እንደሚኖረው አበሠሩ።

«ምንድን ነው ተቆልቋይ ማለት?» አሉ ሐጂ ሸምሰዲን። ሐጂ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴና የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ናቸው።

«ሲነኩት ወደ ታች የሚወርድ።»

«ወደ ታች ለመውረድማ እኛ እንበቃ ነበር» አሉ ሐጂ።

ጉባኤው ሳቀ፤ ሳቁም በሙሉ ድምፅ ማጽደቅ ሆኖ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ጡሩንባ ነፊው ደግነት ግን አልሳቀም።

«እኔስ ጋሼ?»

«አንተማ አድገሃል። የዲጂታል ጥሪ አማካሪ ሆነሃል።»

«ማንን ነው የማማክረው?»

«ስትጠየቅ ይነገርሃል።»

ጡሩንባው ዕቃ ቤት ገብቶ ከጭልፋዎቹ ጎን ተሰቀለ።

ገጹን የሠራችው ትጊ ናት። ትጊ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የኮምፒዩተር ቤት ከፍታ፣ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ጉርድ ፎቶ ታትማለች፣ ሰው ሲያስቸግራት ደግሞ ድረ ገጽ ትሠራለች። ለማውጫው የፊደል ቅርፆች መርጣ ስም አወጣችላቸው፤ ብራና፣ ሐረግ፣ ጎፈሬ፣ መቃ፣ ሙሽራ። አቶ ግዛቸው አንዱን ነኩ፤ ገጹ ተለወጠ። ሌላውን ነኩ፤ ተለወጠ። ሲስቁ የጥርሳቸው ወርቅ ታየ።

«አሁን እኔ ሐረግን ስመርጥ ሕዝቡ ሐረግን ያያል?»

«አይ ጋሼ፣ ሁሉም የየራሱን ነው የሚመርጠው። የእርስዎ ምርጫ የሚታየው በእርስዎ ስልክ ላይ ነው።»

«በሌላው ስልክስ?»

«ሌላው የመረጠው።»

አቶ ግዛቸው ፊታቸው ጠቆረ። መናኸሪያው ውስጥ አንድ ረዳት «ይርጋጨፌ! የሞላ! የሞላ!» እያለ ባዶ መኪና ይደበድባል።

«ታዲያ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሊቀ መንበርነቴ የቱ ጋ ነው?»

ትጊ ተከራክራ ሲሰለቻት ሠራችላቸው። ማውጫው ለሁሉም ክፍት ሆነ። ማንኛውም አባል የፈለገውን ይመርጣል፤ የመረጠውም ለዐይን ጥቅሻ ያህል ብልጭ ይላል፤ ከዚያ የሊቀ መንበሩ ምርጫ ይመለሳል። ይህ «አሳታፊ አሠራር» ተባለ። ከአጎራባች ዕድሮች ልምድ ሊቀስሙ የመጡም ነበሩ፤ ቀስመው ሲሄዱ ግን መንገድ ላይ ሲሳሳቁ ታይተዋል።

ሁሉ ተሰናዳ። የጎደለው ሟች ነበር።

በሌላ ጊዜ ሻማ የሚያስበራው ነገር በዚያ ሰሞን አሳሰበ፤ ሰፈሩ ጤና ሆነ። ሽማግሌዎቹ ጉንፋን እንኳ እየያዛቸው ይተዋቸዋል። ሐጂ ሸምሰዲን አንድ ሰሞን ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ አቶ ግዛቸው ብርቱካን ይዘው ጠየቋቸው።

«እንዴት ነዎት ሐጂ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎኛል።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

አቶ ግዛቸው በረጅሙ ተነፈሱ። ሐጂ ቆይተው ሲናገሩ፣ ሰውየው ሲወጣ ብርቱካኑን መልሶ ሊወስድ የዳዳው መስሏቸው ነበር።

ሊቀ መንበሩ ግን እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። ሞቱ እስኪመጣ ፊደሉ ይመረጥ ብለው ኮሚቴውን ሰበሰቡ። ፊደል ለመምረጥ ደግሞ ናሙና ያስፈልጋል፤ ለናሙናው የሟች ስም።

«እስቲ አንድ ስም ስጡኝ። ለሙከራ ነው።»

ወይዘሮ ሥርጉት ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሐጂ ጣሪያውን አዩ። ደግነት እስካሁን ማንም አማክሮት ስለማያውቅ አሁንም ዝም አለ።

«ጋሼ» አለች ትጊ፣ «ዝም ብለው ‹አበበ በሶ በላ› ብለው ይሞክሩታ።»

«ሞት በበሶ አይለካም!» አሉ አቶ ግዛቸው። ከዚያም ስለ ሕዝብ ሲል ራሱን አሳልፎ የሚሰጥ መሪ በሚያሰማው ዝግ ያለ ድምፅ፣ «ግድ የለም፤ በእኔ ስም ይሁን» አሉ።

ትጊ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች። «እየቀያየሩ ይዩ፤ ግን ‹አስቀምጥ› የሚለውን አይንኩ።»

በነጋታው ጠዋት አቶ ግዛቸው ቁርሳቸውን በልተው፣ ሱቃቸው ውስጥ ከሚስማር ካርቶን ላይ ተቀምጠው ሞታቸውን ጻፉ።

«የዕድራችን ባለውለታ፣ አርቆ አሳቢው መሪያችን አቶ ግዛቸው በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ለቅሶው በመኖሪያ ቤታቸው ነው።»

ለናሙና «ባለውለታ» አያስፈልግም ይሆናል። እጃቸው ከገባ ግን ምን ከለከላቸው?

ብራናን መረጡ። ስማቸው ከገድል የተቀዳ መሰለ። ሐረግን መረጡ፤ ደጃዝማች ግዛቸው ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። በጎፈሬ ጦር ሜዳ የወደቁ ጀግና ሆኑ። በመቃ ግን ከስተውና ጠውልገው፣ ብዙ ጊዜ ታመው የሞቱ ስለመሰሉ ቶሎ አለፉት። በመጨረሻ ሙሽራን ነኩ። ፊደሎቹ እግራቸውን አነሡ፣ ጭራቸውን ቆለመሙ፣ «በሞት» የምትለዋ ቃል እንኳ እስክስታ የምትወርድ መሰለች። አቶ ግዛቸው ልባቸው ሞቀ። ደግመው ብራና፣ ደግመው ሐረግ፣ ደግመው ሙሽራ። በመረጡ ቁጥር «አስቀምጥ»ን ይጫናሉ፤ የመሪ ውሳኔ ሳይቀመጥ እንዴት ይቀራል? በየአባሉ ቤት ስልኩ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ይላል። የእሳቸው ስልክ ባትሪ ሙሽራ ላይ እንዳለ አለቀ። ወዲያው የአይሱዙው ሾፌር ጡሩንባውን አንጫረረ፤ ወደ ቡሌ የሚወጣ ቆርቆሮ ተጭኖ እየጠበቃቸው ነበር። ወጥተው ጋቢና ገቡ።

በሰፈሩ የሆነው እንዲህ ነው። ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያሰበው የግዛቸው ልጅ ልታገባ ነው ብሎ ነው፤ «እሰይ!» ካለ በኋላ ነበር ያነበበው። አንዲት ጎረቤት እልል ብላ መሀል ላይ ወደ ኡኡታ ቀይራዋለች። ሐጂ ሸምሰዲን ስልካቸው አሮጌ ስለሆነ ከእነዚህ ፊደሎች አንዱም አይገባውም፤ ጽሑፉ በሙሉ ባዶ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ነው የታያቸው። ሆኖም አንዲት ፊደል ሳያነቡ መልእክቱ ፈጥኖ የገባቸው እሳቸው ናቸው።

«ይህን ሁሉ ሳጥን የደረደረው ሰው ቢሞት ነው» አሉና «ኢና ሊላሂ» ብለው ሱቃቸውን ዘጉ።

ለቀስተኛው ግቢ ሲገባ ወይዘሮ መነን፣ የአቶ ግዛቸው ባለቤት፣ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«ምን ሆናችኋል? ባሌ ቡሌ ነው የሄደው። አሁን ቁርሱን በልቶ ወጣ!»

«ቁርስ የበላ አይሞትም ያለሽ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ሥርጉት እያቀፏቸው።

«ማን ነገራችሁ?»

«ገጹ ላይ ወጥቷል።»

«ገጹን የሚጽፈው እሱ ራሱ አይደለም እንዴ!»

አንድ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አያችሁ? ሞቱን ዐውቆት ነበር።»

ይህች ቃል ግቢውን አጥለቀለቀችው። ሞቱን ዐውቆ፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ በገዛ እጁ ጽፎ የሄደ ሰው! እስከዚያ ሰዓት ድረስ እያመነታ ያለቀሰው ሁሉ አሁን ከልቡ አለቀሰ። ትጊ እየሮጠች መጥታ «ናሙና ነው! እየሞከሩ ነው!» ብትል ማን ይስማት?

«ሞትን ማን ይሞክራል ልጄ?» አሏት ወይዘሮ ሥርጉት። «ደግሞስ የሚሞክር ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ደጋግሞ ይሞታል?»

ወይዘሮ መነን ደወሉ። ስልኩ ተዘግቷል። ደግመው ደወሉ። አሁንም ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቸውም ከገጹ ጋር ተስማሙ። ሬሳውስ ሲባል፣ የቡሌ መንገድ የታወቀ ነው፣ ጭቃው ይዞት ይሆናል ተባለ። ጭቃውስ በእርግጥ ይዟቸው ነበር። አይሱዙው ከዳገቱ ሥር እስከ ጎማው ወገብ ሰምጦ፣ አቶ ግዛቸው አንድ ገበሬ ቤት ትኩስ ቆጮ በጎመን እየበሉ፣ ፎንት ስለሚባል ነገር ለባለቤቱ ያስረዱ ነበር።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ፣ ከራስ ጠጉራቸው እስከ ጫማቸው ጭቃ ለብሰው፣ በዝናብ ሰፈራቸው ደረሱ። በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። ከዱመርሶ የመጡ ዘመዶቻቸው ደረት ይመታሉ። አቶ ግዛቸው መጀመሪያ የመጣባቸው ሐሳብ ማን ሞተ የሚል አልነበረም። «እኔ ሳላጸድቅ ማን ሞተ?» የሚል ነበር።

ከጥግ ገብተው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከድንኳኑ ቀዳዳ የወረደ ውሃ ማጅራታቸው ላይ ጠብ አለ። አጠገባቸው የማያውቁት ሰው ንፍሮ ይቆረጥማል።

«ማነው የሞተው?» አሉት በሹክሹክታ።

«የዕድሩ ሊቀ መንበር።»

«የየትኛው ዕድር?»

«የዚሁ ነዋ።»

አቶ ግዛቸው ናሙናው ትዝ አላቸው፤ «አስቀምጥ»ም ትዝ አለቻቸው። ተነሥተው መናገር ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሰው ናቸው፤ ይህን ዕድል በሁለት እግሩ ቆሞ ያገኘ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ሰውየው መቆርጠሙን አቁሞ አሰበ።

«ጥሩ ሰው ነበር ይላሉ። ፎንት ይወድ ነበር።»

«ሌላስ?»

ሰውየው አሁንም አሰበ። ብዙ አሰበ።

«ሚስማር ይሸጥ ነበር።»

አቶ ግዛቸው ይህን ሲሰሙ ነው ብድግ ያሉት። «አልሞትኩም! እኔ ነኝ! ግዛቸው ነኝ!» ብለው ሲጮኹ ድንኳኑ ሊፈርስ ደረሰ፤ ንፍሮው ተበተነ፤ ወይዘሮ መነን ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ውሃ ተረጭቶባቸው ዐይናቸውን እንደገለጡ ባላቸው ላይ አፈጠጡና «ስልክህን ለምን አጠፋህ?» አሉ። ይህን የሰማ ሁሉ ሰውየው በእርግጥ በሕይወት እንዳሉ አመነ።

አቶ ግዛቸው ጭቃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ኮሚቴውን ጓዳ አስገቡ።

«ማስተባበያ ይውጣ። አሁኑኑ።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። «እሱማ ይወጣል። ግን እኛ ደግሞ ወንበር ባዶ አይደር ብለን ዛሬ ጠዋት ሰው መርጠናል። የገጹን የይለፍ ቃልም ትጊ ቀይራዋለች።»

«ማንን መረጣችሁ?»

«እትዬ ሥርጉትን» አለ ደግነት። የተናገረው ሳይጠየቅ ነው።

አቶ ግዛቸው ደስ አላቸው። ወንበሩ ቢያሳዝናቸውም፣ ከዕድሩ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ከእሳቸው የተሻለ ሰው አልነበረም፤ ገጹን ከመጀመሪያው የተቃወሙ፣ ፍሬ ነገር የሚወዱ ሴት።

«እኅቴ ሥርጉት፣ አንዲት መስመር ብቻ። ‹አልሞቱም› ይበሉ። በየትኛውም ፊደል ይሁን።»

ወይዘሮ ሥርጉት መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ከትጊ ተቀበሉ። «አልሞቱም» ብለው ጻፉ። ከዚያ ጣታቸው፣ ሳይታወቃቸው ይሁን ዐውቀው፣ ወደዚያች ትንሽ ቀስት ሄደች። ዝርዝሩ ተዘረገፈ። አንዱን ነኩ። ገጹ ተለወጠ። ወይዘሮ ሥርጉት ስልኩን ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። ሌላውን ነኩ።

«ውይ!» አሉ።

«ምነው?»

«በብራና ‹አልሞቱም› ሲባል ውሸት ይመስላል።»

«በሐረግ ይሁና!»

«በሐረግ ደግሞ ወደፊትም የማይሞቱ ይመስላል። ሰው ይቀየማል።» ነኩ። ነኩ። «ትጊዬ፣ ያችን ጭራዋን የምትቆለምመውን እንደገና አሳዪኝ እስቲ። ምን ነበር ስሟ?»

«ሙሽራ» አለች ትጊ።

«በሙሽራ ነው የሞትኩት!» ብለው ጮኹ አቶ ግዛቸው። «በእሷ አይሆንም! ተራውን ይምረጡ፣ ሰው የሚያነበውን!»

«ቀስ ይበሉ እንጂ አቶ ግዛቸው» አሉ አዲሷ ሊቀ መንበር ዐይናቸውን ከስልኩ ሳያነሡ። «ይህ የሚቸኮልበት ጉዳይ አይደለም። ከሞት ለተመለሰ ሰው የሚሆን ፊደል እስካሁን አልተጠናም።»

«ለእኔማ ሁሉም ሳጥን ነው» አሉ ሐጂ ሸምሰዲን። «ሳጥን እያየሁ አልሞተም ብዬ ልፈርም አልችልም።»

ውይይቱ ሰፊና ፍሬያማ ነበር። በማጠቃለያውም የአቶ ግዛቸው በሕይወት መኖር በመርህ ደረጃ ተቀባይነት አገኘ። አፈጻጸሙን በተመለከተ የፊደሉ ጉዳይ በንዑስ ኮሚቴ እንዲታይ፣ እስከዚያው የቀድሞው ማስታወቂያ ባለበት እንዲጸና፣ አቶ ግዛቸውም ገጹን እንዳያሳስቱ በገበያ ቀን አደባባይ ከመውጣት እንዲቆጠቡ ተወሰነ። ደግነት ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር ተጠየቀ፤ «ግድ የለም፣ ይሻላል» አለ።

አቶ ግዛቸው ከጓዳ ወጡ። ዝናቡ አባርቶ፣ ለቀስተኛው ስለ ፊደሉ ሁለት ወገን ሆኖ እየተከራከረ ነበር፤ ቀና ብሎ ያያቸው የለም። በሩ ላይ ከጪጩ በእግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቋቸው።

«ዘገየሁ» አሉ ሽማግሌው። «ቆርቆሮ በዱቤ የሰጠኝ ሰው ነበር። አንተ ለሟች ምኑ ነህ?»

አቶ ግዛቸው ወደ ኋላ ዞረው ጓዳውን አዩ። ከውስጥ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ይሰማል።

«የቅርብ ሰው ነበርኩ» አሉ።

«እግዜር ያጽናህ።»

«አሜን» አሉ አቶ ግዛቸው።